የግቢው ቆጣሪና የአባዬ መሪ

ካዛንችስ ባደግሁበት ግቢ ውስጥ ካውያ የሚሰካ ሰው አስቀድሞ ይጣራል። በሩ ላይ ብቅ ብሎ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ካውያ ልሰካ ነው» ይላል። ከየቤቱ መልስ ይመጣል። አንዱ «ስካ» ይላል፣ ሌላዋ «ቆይ፣ ሽሮዬ ትውጣልኝ» ትላለች። ለአራት ቤት አንድ ቆጣሪ ነበር ያለን። ሁለት ከባድ ነገር ባንድ ጊዜ ከተሰካ ብሬከሩ ይወርድና ግቢው በሙሉ መብራት ያጣል። ቆጣሪውም ብሬከሩም ያሉበት የቆርቆሮ ሣጥን ደግሞ ይቆለፋል። ቆጣሪው የወጣው ሁላችንም እትዬ በምንላቸው ጎረቤታችን ስም ስለሆነ ሣጥኑ ያለው እሳቸው በራፍ ላይ፣ ቁልፉም መቀነታቸው ጫፍ ላይ ነው። ገበያ ከሄዱ እስኪመለሱ በጨለማ መጠበቅ ነው። ስለዚህ እንጣራ ነበር።

ሕጉ አንድ ተጨማሪ አንቀጽ ነበረው፤ የሚሰካው ሰው በገዛ አፉ ይጣራ የሚል። ይህ የመጣው አንድ ቅዳሜ የግቢው ልጆች ተራ በተራ «ምድጃ ልንሰካ ነው» እያልን ስንጫወት፣ ትልልቆቹ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ምሳ ሳይሠራ ስለዋለ ነው። ከዚያ ወዲያ ለሌላ ሰው መጣራት ክልክል ሆነ። እትዬ «ዳኛም ቢሆን በገዛ አፉ ነው» ይሉ ነበር። ግቢያችን ዳኛ ኖሮበት አያውቅም።

ከተጣሪዎቹ ሁሉ አንደኛው አባዬ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መጀመሪያ አሰብ፣ ኋላ ጅቡቲ እየተመላለሰ ነው ያሳደገኝ። እናቴ ያረፈችው እኔ ትንሽ እያለሁ ስለሆነ፣ እሱ መንገድ ሲወጣ የምበላውም የምተኛውም እትዬ ቤት ነው። ከጉዞ በተመለሰ ማግስት ጠዋት ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ በሩ ላይ ይቆምና «መላጫ ልሰካ ነው» ብሎ ይጣራል። ድምፁ አስፋልቱ ድረስ ይሰማል። የጢም መላጫ ይህ ነው የሚባል ኤሌክትሪክ እንደማይፈልግ ግቢው ሁሉ ያውቃል። የሚጣራው መምጣቱን ሊነግረን ነው። እትዬም ከውስጥ ሆነው «ተላጭ፣ ተላጭ። በዝግታ ግን» ይሉታል። እኔ ከአልጋዬ ሳልነሳ ይህን ሰምቼ እስቃለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ የደስታ ድምፅ ምን ዓይነት ነው ብባል ትዝ የሚለኝ ይኸው ነው።

ሚሊኒየሙ ካለፈ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ አባዬን ስትሮክ መታው። ደግነቱ መኪናውን አቁሞ ሻይ እየጠጣ ነበር። ከሆስፒታል ሲወጣ ግራ እጁና ግራ እግሩ ደክመው፣ ምላሱም ከብዶ ነበር። እግሩ በምርኩዝ ቶሎ መንቀሳቀስ ጀመረ። ምላሱ ግን ቃሉን አኝኮ ነው የሚያወጣው። መጀመሪያ ሰሞን ጠያቂ ሲመጣ እንደምንም ያወራ ነበር። አንድ ቀን ግን አብሮት ሲነዳ የኖረ ጓደኛው የተናገረው አልገባው ብሎ ወደ እኔ ዞረና «ምን አለ?» ሲል ጠየቀኝ። ክፋት አልነበረበትም። አባዬ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ፊት አፉን አልከፈተም። ለሰላምታ ራሱን ይነቀንቃል፣ ሻይ ሲፈልግ ጣቱን ያነሳል። ብቻችንን ስንሆን አንድ ሁለት ቃል ይሰጠኛል፤ እሱንም ፊቱን አዙሮ። መላጫውንም ተወው። ጢሙ አደገ፤ በሩ ላይ መቆምም ቀረ።

እጁን የምታሠራው ባለሙያ አንድ ቀን ስሸኛት በሩ ጋ ቆም አለች። «ምላስም እንደ እጅ ነው» አለችኝ። «ካላሠራው ሰንፎ ይቀራል። ማለቴ፣ ላስፈራራሽ አይደለም፤ ግን ዝም ባለ ቁጥር ንግግሩ እየራቀው ነው የሚሄደው። ጮክ ብሎ ይናገር። ያንብብ፣ ይዝፈን፣ ይሳደብ፣ በቃ እንደፈለገ።» ጋዜጣ አመጣሁለት፣ ገፋው። ዳዊት ሰጠሁት፣ በዓይኑ ብቻ አነበበ። ሆን ብዬ ነገር ፈለግሁት፤ ስድቡን ዋጠው። አንጀቴን በላው። ያን የመሰለ ድምፅ የነበረው ሰው እዚያ አልጋ ላይ ቁጭ ብሎ ድምፁን እያጣ ነው፤ እኔም ቁጭ ብዬ እያየሁት ነው።

ልጅ ሆኜ አንድ ክረምት ጋቢና ውስጥ አስቀምጦ ይዞኝ ሄዶ ነበር። ያኔ ያየሁት ነገር አልጠፋኝም፤ አባዬ ከመኪናው ጋር ያወራል። ዳገት ላይ «በይ እናቴ፣ በይ፣ አይዞሽ» ይላታል። ቁልቁለት ላይ ይቆጣታል። ከፊት የሚመጣውን ሹፌር ወይ ይመርቃል ወይ ያዋርደዋል። ቀኑን ሙሉ አፉ አያርፍም ነበር። መሪ ፊት ካስቀመጥኩት ይናገራል ብዬ አሰብኩ። እውነተኛ መኪና ግን ማን ይሰጠዋል፤ መንጃ ፈቃዱን ራሱ አጣጥፎ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል።

እኔ በዚያን ጊዜ ወሎ ሰፈር አንድ የሕንፃ ንድፍ ቢሮ ውስጥ ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበርኩ። ቢሮው ገና ያልተሠራ ሕንፃ እንደተሠራ አድርጎ በሥዕል የሚያሳይበት አንድ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረው፤ ውስጡ ሥዕሉን ወደ ስክሪን የሚያወጡ ሁለት ግራፊክስ ካርዶች ጎን ለጎን የገቡበት። አንድ ቀን ፓወር ሰፕላዩ ተቃጠለ። ፓወር ሰፕላይ ማለት ከግድግዳው የመጣውን መብራት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ ክፍሎች እየመጠነ የሚያድል የብረት ሣጥን ነው። አለቃዬ አዲስ ኮምፒውተር ለመግዛት ሰበብ ሲፈልግ ስለከረመ አሮጌውን «ውሰጂው፣ ቦታ ይዞብናል» አለኝ። ሳይጨርስ አመሰግናለሁ ብዬው በሚኒባስ ጭኜው ሄድኩ። ወያላው የሁለት ሰው አስከፈለኝ።

ያሰብኩት ጌም ነበር። የጭነት መኪና የሚነዳበት፣ የፈረንጅ አገር መንገድ ያለበት ጌም። ሦስት ስክሪን ደርድሮ አንድ መንገድ ለማሳየት ደግሞ ያኔ ሁለት ካርድ ያስፈልግ ነበር። ሦስት ስክሪን የፈለግሁት ለቅንጦት አይደለም፤ ሹፌር ፊት ፊቱን ብቻ አያይም፣ የግራና የቀኝ መስኮት ሊኖረው ይገባል። ስክሪኖቹን ከዚህም ከዚያም ለቃቀምኳቸው። አንዱ ካንዱ አይገጥምም፣ የግራው ከማርጀቱ የተነሳ ቢጫ ነው የሚያሳየው። መሪውንና ፔዳሉን ላንቻ ሊዘጋ ከነበረ ጌም ቤት አገኘሁ። ሁሉንም እናቴ ልብስ ትሰፋበት በነበረው ጠረጴዛ ላይ አሰናዳሁ። የቀረኝ ፓወር ሰፕላይ ብቻ ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ስለቀረኝም የጨረስኩ መሰለኝ።

ቅዳሜ ስታዲየም አካባቢ ወዳሉት የኮምፒውተር ሱቆች ወረድኩ። የመጀመሪያው ባለሱቅ ጎኑ ላይ በትልቁ ሰባት መቶ ዋት የተጻፈበት ሣጥን አውጥቶ አስጨበጠኝ። ባዶ ጣሳ ያነሳሁ መሰለኝ። ደህና ፓወር ሰፕላይ ውስጡ መዳብና ብረት ስለሚበዛ ይከብዳል።

«ይሄማ ቀለለኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ ቴክኖሎጂ እኮ ነው። ሁሉም ነገር እየቀለለ ነው የመጣው።»

«ለካርድ የሚሆን ስንት ገመድ አለው?»

«አንድ። ለሌላው ማከፋፈያ እሰጥሻለሁ፣ በቃ። ሰው ሁሉ ይሄንን ነው የሚወስደው።»

የእኔ ካርዶች እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት መሰኪያ ነው የሚፈልጉት። በአንድ ገመድ አራት አፍ ልመግብ ነው ማለት ነው። ደግሞም ትልቁን ቁጥር አላምነውም። ተለጣፊው ላይ በደቃቅ ፊደል የተጻፈ አንድ መስመር አለ፤ ካርዶቹ የሚጠጡበት የአሥራ ሁለት ቮልት መስመር ምን ያህል አምፔር እንደሚሰጥ የሚናገረው። እሱን ሳነብ ሣጥኑ እንኳን ሁለት ካርድ አንዱንም በወጉ አይችልም። «ፎርጅድ ነው» ብዬ መለስኩለት። ባለሱቁ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ስቆ ሻይ ጋበዘኝ።

እኔ የሚበቃኝን ቀድሜ አስልቼ ነበር። ሁለቱ ካርዶች ሲሠሩ የሚፈልጉትን፣ ፕሮሰሰሩን፣ ዲስኩንና ማራገቢያዎቹን ደምሬ፣ ላዩ ላይ እንዳይጨናነቅ መተንፈሻ ጨምሬለት ስምንት መቶ ሃምሳ ዋት ላይ ደረስኩ። ጥቂት ሱቆች አልፌ ልክ እንደዚያ ያለውን አገኘሁ። ሲያነሱት ክንድ ያስጎነብሳል፣ አራት የካርድ ገመድ አለው፣ ደቃቁ ጽሑፍም ከትልቁ ጋር ይስማማል። «አስቀምጥልኝ፣ እመለሳለሁ» ብዬ ወጣሁ። ወዲያው ያልገዛሁት በግቢያችን ደንብ አዲስ የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመግባቱ በፊት ለእትዬ ስለሚነገር ነው።

«ስንት አልሽኝ?» አሉ እትዬ።

«ስምንት መቶ ሃምሳ።»

«ይሄማ ሌላ ምድጃ ነው።»

«ኧረ አይደለም እትዬ። ስምንት መቶ ሃምሳ ማለት ከተፈለገ እስከዚያ ድረስ መስጠት ይችላል ማለት እንጂ፣ ሁልጊዜ ያን ያህል ይበላል ማለት አይደለም።»

«መስጠት?» አሉ ነጠላቸውን እያስተካከሉ። «ከየት አምጥቶ ነው የሚሰጠው? ከእኔ ቆጣሪ አይደል እንዴ።»

እውነታቸውን ነበር። ቀጠሉና «አራት መቶ ይሁን» አሉ። ደሜ ፈላ። «እትዬ፣ ይሄ ቲማቲም አይደለም፣ አይቀነስም» አልኳቸው ከሚገባው በላይ ጮክ ብዬ። እሳቸውም እኔን አዝለው ያሳደጉበትን ጀርባ አነሱ፣ እኔም የማይነሳ ነገር አነሳሁ። ሰላምታ ተውን። በራፋቸው ላይ ሳልፍ ሁለታችንም ሌላ ሌላ ነገር እናይ ነበር።

ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ገባበት። የቡታጅራ ልጅ ነው፤ ነገር ማብረድ ይችልበታል። ካውያውን ነቅሎ፣ ጨርቁን አጥፎ ሱቁ ውስጥ አስቀመጠንና የሁለታችንንም ብሶት ጭንቅላቱን እየነቀነቀ ሰማ። ከዚያ «እትዬ አራት መቶ አሉ፣ አንቺ ስምንት መቶ ሃምሳ አልሽ» አለ። «በቃ፣ የሁለታችሁም አይሁን። ስድስት መቶ ይሁንና ተሳሳሙ።» እትዬ «ካልክ ይሁን» አሉ። ቀና ብዬ ሳያቸው ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። ምን ላድርግ፣ ተነስቼ ጉልበታቸውን ሳምኩ። አዲስ አበባ ውስጥ ዋቱ በሽምግልና የተወሰነ ሌላ ኮምፒውተር ይኑር አይኑር አላውቅም። ችግሩ ኮምፒውተሩ ሽምግልናው ላይ አልተጠራም ነበር።

ስድስት መቶ የሚል ገዛሁ። ደህናው ዓይነት በዚያ ልክ ስላልነበረ ቀለል ያለውን ነው የወሰድኩት። ይችላል፣ ትንሽ ነገር ነው የሚቀረው እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። በማግስቱ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባዬን ከአልጋው አንስቼ መሪው ፊት አስቀመጥኩት። ሦስቱም ስክሪኖች ላይ መንገድ፣ ዝናብና ሰፊ ሜዳ መጣ። አባዬ ዝም ብሎ አየ። ወንበሩን ሳብ አደረገ። ከዚያ ቢጫውን የግራ ስክሪን በእጅጌው መጥረግ ጀመረና «አቧራ» አለ። ሳቄን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሱም በግማሽ ፊቱ ፈገግ አለ። የደከመች ግራ እጁን በቀኝ እጁ አንስቶ መሪው ላይ አስቀመጣት፤ አልወደቀችም።

ነዳ። ሜዳውን ቀስ ብሎ፣ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ነዳ። ጫካ የበዛበት ዳገት መጣ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ። አባዬ ወደ መሪው ጎንበስ ሲል ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁ። «በይ» አለ። «በይ እና» ከማለቱ ሦስቱም ስክሪኖች ጠፉ፤ ማራገቢያዎቹም ዝም አሉ። የግቢው መብራት አለ፣ ሬዲዮው አለ፤ የጠፋው ኮምፒውተሩ ብቻ ነው። አስነሳሁት። ዳገቱ ጋ ሲደርስ እንደገና ጠፋ። ደግሜ ሳስነሳው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ።

አባዬ ግራ እጁን ይመለከት ነበር። «እኔ ነኝ?» አለኝ።

«አይደለህም አባዬ፣ ዕቃው ነው» አልኩት። አላመነኝም። ምርኩዙን ፈልጎ አልጋው ላይ ሄደና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ በኋላ ለእኔ ይሰጠኝ የነበረውንም አንድ ሁለት ቃል ነሳኝ። ድምፁን ላመጣለት ብዬ የቀረችውን እንዳጠፋሁበት እያሰብኩ ቢሮ ውስጥ የሰው ኮምፒውተር ላይ አለቅስ ነበር።

አንድ አመሻሽ ላይ የተቃጠለውን ሣጥን ጠረጴዛው ላይ ፈታሁት። ውስጡ ክፍት ቦታ ይበዛዋል፤ ሽቦዎቹ ቀጫጭን ናቸው። ምርኩዝ ሰማሁ። አባዬ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። የተፈታውን ሣጥን በቀኝ እጁ አንስቶ መዘነው። ሁለቱን ካርዶች፣ ወፋፍራሞቹን፣ አየ። እንደገና ሣጥኑን አየ። «ሞተር» አለ፤ ቆየና «አነሳት» አለ።

«አዎ አባዬ። አንተ አልነበርክም። ሞተር ነው ያነሳት።»

ከታመመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በድምፅ ሳቀ። ከዚያ ትከሻዬን ነካ አድርጎ «ጨምሪላት» አለኝ።

ሣጥኑን ይዤ እትዬ ዘንድ ሄድኩ። አልተጣላሁም፤ ብቻ ፊታቸው አስቀመጥኩት። አሸተቱት። «አባትሽ ነድቶ ነበር?» አሉኝ። ዳገቱ ጋ ሲደርስ፣ አንድ ቃል ሊያወጣ ሲል እንደጠፋበትና ጥፋቱን ወደ ራሱ እንደወሰደ ነገርኳቸው። ሣጥኑን ገፋ አድርገው መለሱልኝ። «ያልሽውን ግዢ» አሉ በመጨረሻ። ተነስቼ በሩ ጋ ስደርስ ግን «ሕጉ ሕግ ነው» አሉኝ። «የሚነዳው ሰው በገዛ አፉ ይጣራ።»

«እትዬ፣ እንደማይናገር እያወቁ?»

«አውቃለሁ። በገዛ አፉ።»

እንደዚያ ቀን ጠልቻቸው አላውቅም። እየተነጫነጭኩ ስታዲየም ወረድኩ፣ ስምንት መቶ ሃምሳውን ገዛሁ፣ እየተነጫነጭኩ ገጠምኩት። አራቱንም ገመዶች በየቦታቸው ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ ድምፁ ራሱ ሌላ ነበር፤ የጠገበ ድምፅ። አባዬ ደስ ብሎት ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። የእትዬን ቃል ስነግረው እጁን ከመሪው ላይ አነሳ። «ተዋቸው፣ ዝም ብለህ ንዳ፣ ብሬከሩ አይወርድም» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ጌሙን ልከፍት ስል እጄን ያዘ። አባዬ ለዚያ ሕግ ከማንም በላይ ሲጣራ የኖረ ሰው ነው፤ ተደብቆ ሊጥሰው አልፈለገም። ኮምፒውተሩን አጠፋሁና በነጠላ ሸፈንኩት። እንደተሸፈነ ሰነበተ። ጠዋት ጠዋት ግን ከቤት ልወጣ ስል፣ አባዬ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ከንፈሩን ሲያንቀሳቅስ ሁለት ሦስቴ አይቼዋለሁ። ጸሎት መስሎኝ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ግቢው መሐል ልብስ እያጠብኩ ነበር። ልብስ ሰፊው ይተኩሳል፤ ከእትዬ ቤት የወጥ ሽታ ይመጣል። በራችን ተከፈተና አባዬ ምርኩዙን ይዞ ወጣ። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል። በሩ ላይ፣ ድሮ በሚቆምበት ቦታ ቆመ። አፉን ከፈተ፤ ትንፋሽ ብቻ ወጣ። ዘጋው። እኔ እጄን አረፋው ውስጥ እንደነከርኩ ቀና ማለት አቃተኝ። ካየሁት የሚመለስ መሰለኝ።

«ል» አለ። ቆየ። «ልነዳ ነው።»

ቃሉ ታኝኮ፣ ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። ግን ወጥቷል። ምን አለ ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ልብስ ሰፊው ካውያውን ነቅሎ አቆመና «ይንዱ ጋሼ» አለ፣ ልክ ትናንትም ከትናንት ወዲያም እንደተጣራ ሰው። ከእትዬ ቤት ግን መልስ ዘገየ። ከዚያ የምድጃቸው ማጥፊያ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ድምፃቸው ተከተለ፤ እንደ ወትሮው አልነበረም።

«ንዳ፣ ንዳ። በዝግታ ግን።»

ያን ቀን ዳገቱን ወጣ። ማራገቢያዎቹ ጮኹ፣ ሦስቱም ስክሪኖች እንደበሩ ቀሩ። እኔ ከኋላው አልጋው ላይ፣ ልጅ ሆኜ ጋቢና ውስጥ እንደተቀመጥኩት ተቀምጫለሁ። «በይ እናቴ» አላት። «በይ፣ አይዞሽ።» ሙሉውን፣ ከላይ እስከ ታች። ከዳገቱ ማዶ አንዲት ትንሽ መኪና ሳታስጠነቅቅ ፊቱ ገባችበት። የአባዬ የመጀመሪያ ጥርት ያለ ቃል ያኔ ወጣ፤ ስድብ ስለሆነ እዚህ አልጽፈውም። ባለሙያዋ ስነግራት አጨበጨበች።

ከዚያ ወዲያ ከሰዓት በኋላ ሲሆን ይጣራል፣ ይነዳል። ጥሪው ከሣምንት ሣምንት ጠነከረ። መጀመሪያ ግቢው መሐል ትደርስ የነበረች ድምፅ፣ ክረምቱ ሲወጣ አጥሩን አለፈች። አንዳንድ ቃል እስከ መጨረሻው ታኝኮ ቀርቷል፤ ሰው ፊት ማውራት ግን ተመልሶለት ነበር። ጓደኛው ሊጠይቀው ሲመጣ ወንበር ስቦ አጠገቡ ያስቀምጠውና መንገድ ያሳየዋል።

እኔ በመሐሉ ከቢሮ መለኪያ ተውሼ ኮምፒውተሩ የሚበላውን ለክቼ ነበር። ያ የፈራነው ነገር ዳገት ሲወጣ እንኳ የልብስ ሰፊውን ካውያ ግማሽ አይሞላም። እትዬ ወጣቸውን ባያጠፉም፣ ካውያው ባይነቀልም ብሬከሩ አይወርድም። መጣራት ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። መለኪያውን ወደ ቢሮ መለስኩና ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።

ጥቂት ዓመታት አልፈው ለየቤታችን የየራሳችን ቆጣሪ ገባ። ሠራተኞቹ አሮጌውን የቆርቆሮ ሣጥን ሲነቅሉ እትዬ ዱካ ላይ ተቀምጠው ያዩ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ቁልፉ ገና መቀነታቸው ጫፍ ላይ ነው።

«ያ ኮምፒውተር እኮ ምንም አይበላም ነበር» አሉኝ ድንገት።

«እንዴት አወቁ?»

«ቆጣሪዋ በራፌ ላይ አይደለች? አባትሽ በነዳ ቁጥር ወጥቼ አያታለሁ። ውስጧ ያለችው ክብ ብረት ለእኔ ምድጃ እየተጣደፈች ትዞራለች፣ ለእሱ ቀስ እያለች ነው የምትዞረው።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

ዞር ብለው አዩኝ። «አንቺስ?» አሉ። ሁለታችንም ሠራተኞቹ ሽቦውን ሲጠቀልሉ ተመለከትን።

በማግስቱ ማንም ሳይጣራ ተተኮሰ፣ ማንም ሳይጣራ ወጥ ተሠራ። ግቢው ዝም ማለቱ ቅር አለኝ። ከሰዓት በኋላ አባዬ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። አዲሱ ቆጣሪያችን ከራሱ በላይ፣ በራችን ጎን ተሰቅሏል። ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን ወደ ግቢው መለሰና «ልነዳ ነው» ብሎ ተጣራ።

ልብስ ሰፊው ካውያውን ነቀለ። የእትዬም ምድጃ ሲጠፋ ሰማሁ።